የመጀመሪያው የምርምር ጽሑፍ፤ ድርሰት ነው ወይስ ምስክርነት?

በዚህ መጽሔት ላይ ጽሑፋቸው እንዲወጣላቸው የሚመኙ ጓደኞቻችን ብዙዎች ናቸው፤ እኛም ከነሱ መካከል ነን። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንሰነዝረው ትችት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሳይሆን ከዚያው ከተማሪው ወንበር የሚነሣ መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልን እንለምናለን። ባለፉት ሁለት ዓመታት በክፍል ሲነበቡ የሰማናቸውን፣ ለመምህራን የቀረቡትንና ከእጅ ወደ እጅ ዞረው የደረሱንን የመጀመሪያ የምርምር ጽሑፎች በጥሞና ተመልክተናል። ከነዚህ መካከል የራሳችንም ይገኝበታል። ከብዙዎቹ ያገኘነው ጉድለት የዕውቀት ማነስ አይደለም፤ የትጋት ማነስም አይደለም። ጉድለቱ የምርምር ጽሑፍ ማለት ምን እንደ ሆነ ሳንለይ ብዕር ማንሣታችን ነው። ድርሰት ይመስለናል፤ ምስክርነት መሆኑን እንዘነጋለን።

በአገራችን ሸንጎ ፊት ምስክር ሆኖ የቆመ ሰው «አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» ተብሎ ይጠየቃል። አይቼ ነው ያለ እንደ ሆነ ደግሞ የት ቆሞ እንዳየ፣ በስንት ሰዓት እንዳየ፣ በቀን ይሁን በጨለማ፣ ከርሱ ጋር ማን እንደ ነበረ ይመረመራል። ምስክሩ አንደበተ ርቱዕ ቢሆን ለዳኛው ምንም አይጠቅመውም፤ እንዲያውም ንግግሩ ባማረ ቍጥር ዳኛው ይጠረጥራል። የሳይንስ ጽሑፍ አንባቢም እንደዚሁ ያለ ዳኛ ነው። እሱ ከላቦራቶሪያችን ውስጥ አልነበረም፤ ከወንዙ ዳር ከኛ ጋር አልቆመም፤ እኛንም አያውቀንም። ስለዚህ ጽሑፋችን ሦስት ነገሮችን ለይቶ ሊነግረው ይገባል፤ ምን እንዳደረግን፣ ምን እንዳየን፣ ካየነውም ተነሥተን ምን እንዳሰብን። ከሌላ ሰው የሰማነው ካለ ደግሞ ከማን እንደ ሰማን። ይህ ሁሉ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከተመለከትናቸው ጽሑፎች ውስጥ አራቱን ሳይደባልቅ የጻፈ አንድ እንኳ ማግኘት አስቸግሮናል።

ጉድለቱ ከመግቢያው ይጀምራል። እኛ ሁለተኛ ደረጃን የተማርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያም የእንግሊዝኛ ድርሰት ስንለማመድ መግቢያው በሰፋ መጠን ጽሑፉ የሚከብር ይመስለን ነበር። ስለ ውኃ እንድንጽፍ ስንታዘዝ ከፍጥረት እንነሣለን፤ ስለ ዛፍ ስንጽፍ ከገነት። ይህ ልማድ እስከ ኮሌጅ ተከትሎን መጥቷል። ከጓደኞቻችን አንዱ የአንዲት ጅረትን ውኃ ናሙና እየወሰደ መርምሮ ነበር። ሥራው ጥሩ ነበር። ጽሑፉ ግን «ውኃ ለሰው ልጅ ሕይወት አስፈላጊ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው» ብሎ ይጀምርና ውቅያኖሶችን አቋርጦ፣ ታላላቅ ወንዞችን ዞሮ፣ ወደ ጅረቷ የሚደርሰው በሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። አንባቢው እስከዚያ ድረስ ደክሞታል። የመግቢያ ሥራ ውኃ አስፈላጊ መሆኑን ማስረዳት አይደለም፤ ይህን የማያውቅ አንባቢ የለምና። ስለዚች ጅረት እስከ ዛሬ ምን እንደ ታወቀ፣ ምን እንዳልታወቀ፣ እኛም ካልታወቀው ውስጥ የትኛውን ጥያቄ መርጠን እንደ ያዝን መንገር ነው። ይህ ደግሞ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም።

ስለዚህ ጉዳይ ከገዛ አገራችን የተገኘ ግሩም ምሳሌ አለ። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ጥናት ያደርጉ ነበር። የቢልሃርዝያ ትል ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። በመካከሉ በውኃ ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ገብቶ ማደግና መራባት አለበት፤ ከዚያም ወጥቶ ውኃው ውስጥ በገባ ሰው ቆዳ በኩል ዘልቆ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ የትሉ መንገድ ይቋረጣል ማለት ነው። ዶክተር አክሊሉ በአንድ ጅረት ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ። ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ አጠገብ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በዝተው አገኙ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ለማንኛውም ዐይን ላለው ሰው ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነው። «እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል» ብለው ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹም ጥቂት ቆይተው ሞቱ። ከዚያም ነገሩን በላቦራቶሪ ፈተኑትና በ1965 በኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል ላይ ከአራት ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ አወጡ።

የዚያን ጽሑፍ አርእስት ልብ ብለን እንመልከተው። ወደ ቋንቋችን ቢመለስ «ስለ እንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይነት የቀረበ የመጀመሪያ ሪፖርት» ማለት ነው፤ ከእንዶድ ስም ጐንም ፊቶላካ ዶዴካንድራ የሚለው ሳይንሳዊ ስሙ ተጽፏል። «የቢልሃርዝያ መድኃኒት ተገኘ» አላሉም። «ከአፍሪቃ በሽታን ማጥፊያ» አላሉም። አንድ ተክል፣ አንድ ባሕርይ፣ የመጀመሪያ ሪፖርት። በዚያች አነስተኛ አርእስት ላይ ግን ምን ያህል ሥራ እንደ ተሠራ ዛሬ እናውቃለን። በዓድዋ ለአምስት ዓመት በእንዶድ በተደረገው ሥራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ በሽታው ከመቶ 50 ወደ መቶ 7 ወርዷል። ከእንዶድ የተገኘውም ገዳይ ንጥረ ነገር በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ትልቅ ሐሳብ ትልቅ አርእስት እንደማያስፈልገው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንሻም። የኛ ጓደኞች ግን በአንድ ሰፈር አሥር ቤት ጠይቀው አርእስቱን «በኢትዮጵያ ከተሞች» ይላሉ። ቀሪዎቹን ከተሞች ማን አያቸው?

ሁለተኛው ጉድለት በአሠራሩ ክፍል ይገኛል። እናቶቻችን ወጥ ሲያስተምሩ «ጨው በልኩ» ይላሉ፤ «ውኃው ሲበቃው አውርጂው» ይላሉ። ይህ ትምህርት ይሠራል፤ ምክንያቱም ተማሪዋ ከምድጃው አጠገብ ቆማለች፤ እያየች፣ እየቀመሰች ትማራለች። አንባቢ ግን ከምድጃው አጠገብ የለም። እኛ «ጥቂት አሲድ ጨምረን ለተወሰነ ጊዜ አሞቅነው» ብለን ስንጽፍለት እሱ ምን ያህል ሊጨምር፣ ስንት ደቂቃስ ሊያሞቅ ነው? መለኪያው ስንት ሚሊ ሊትር እንደ ነበረ፣ ሙቀቱ ስንት ዲግሪ እንደ ነበረ፣ ናሙናው በጧት ይሁን በማታ እንደ ተወሰደ፣ ስንት ጊዜ እንደ ተደጋገመ፣ ለማነጻጸሪያ ያልተነካው ሳሕን የትኛው እንደ ነበረ መጻፍ አለበት። የአሠራር ክፍል ፈተናው አንድ ነው፤ ከክፍላችን ያልሆነ አንድ ተማሪ ወረቀቱን ብቻ ይዞ፣ እኛን ሳይጠይቅ ሥራውን ሊደግመው ይችላል ወይስ አይችልም? ሊደግመው ካልቻለ ምስክርነታችን ሊመረመር አይችልም፤ ሊመረመር የማይችል ምስክርነትም ተቀባይነት የለውም።

ሦስተኛው ጉድለት በውጤቱ ክፍል ነው፤ ከሁሉ የሚከፋውም ይኸው ነው። ቍጥሩን ትተን ስለ ቍጥሩ እናወራለን። «አብዛኞቹ በቅለዋል» እንላለን፤ ከስንቱ ስንት? ግሬጎር ሜንዴል በአተር ላይ ያደረገውን ጥናት በ1865 በብሩን ከተማ በማኅበር ፊት አንብቦ በ1866 ሲያሳትመው «ከሦስት እጅ በላይ» ወይም «ሦስት ለአንድ ያህል» ብሎ አላለፈም። በሁለተኛው ትውልድ 5474 ክብና 1850 የተጨማደደ ፍሬ፣ 6022 ቢጫና 2001 አረንጓዴ ፍሬ መቍጠሩን ጻፈ። የመጀመሪያው 2.96 ለ1፣ ሁለተኛው 3.01 ለ1 ይሆናል። ሦስት ለአንድ የሚለው ከቍጥሩ የተነሣ ሐሳብ ነው፤ ቍጥሩ ግን ራሱን ችሎ ቆሟል። ጽሑፉ እስከ 1900 ድረስ የሚያስተውለው ሰው ሳያገኝ ቢቆይም፣ በኋላ የመጡት ሊመዝኑት የቻሉት ቍጥሩን ስላልደበቀ ነው። እንዲያውም በ1936 የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር የሜንዴልን ቍጥሮች በሙሉ ደምሮ መርምሮ፣ ከሚጠበቀው ጋር እጅግ አብዝተው ስለ ተስማሙ ጥርጣሬውን ገለጸ። በዚህ ላይ ሊቃውንት ከዚያ ወዲህ ብዙ ተከራክረዋል። ለኛ የሚበቃን ትምህርት ግን ይህ ነው፤ ቍጥር ከመጠን በላይ ሲያምርም ያስጠረጥራል።

ስለ ቍጥር ካነሣን የራሳችንን በደል መናገር ግድ ይሆንብናል። የመጀመሪያውን ጽሑፋችንን የሠራነው ሁለት ሆነን ነበር። ጥያቄያችን የባሕር ዛፍ ቅጠል ተዘፍዝፎበት የወጣ ውኃ የገብስን ዘር አበቃቀል ይለውጠው እንደ ሆነ ነበር። በየሳሕኑ 50 ዘር አስቀምጠን ለስምንት ቀን በየቀኑ የበቀለውን ልንቈጥር ተስማማን። አምስተኛው ቀን እሑድ ዋለ። ላቦራቶሪው ተዘግቶ ነበር እንል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቍልፉን የያዘውን ሰው አልፈለግንም። ሰኞ ስንመለስ በሠንጠረዡ ላይ አንድ ባዶ ቦታ ቆየን። በአራተኛው ቀን የቈጠርነው 11 ነበር፤ በስድስተኛው ቀን 33። መካከሉን ወስደን 22 ብለን ሞላነው። መሥመሩን ስንሥለው እጅግ አማረ፤ ቀጥ ብሎ እንደ ደረጃ ይወጣ ነበር።

መምህራችን ወረቀቱን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ ጣታቸውን በ22 ላይ አሳረፉ። «እሑድ በስንት ሰዓት ነው የቈጠራችሁት?» አሉን። ዝም አልን። አልተቈጡም፤ ይህም ይበልጥ ከበደን። «ባዶ ትታችሁት ቢሆን ያጣችሁት አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ስምንቱንም ቀን አጣችሁ» ብለው ወረቀቱን መለሱልን። አባባላቸው በመጀመሪያ የበዛ መስሎን ነበር። በኋላ ግን ስናስበው ልክ ነበር። አንዱን ቍጥር ከራሱ አውጥቶ የጻፈ ሰው ሌሎቹን ከራሱ እንዳላወጣ ዳኛው በምን ያውቃል?

ሥራውን ከመጀመሪያው ደገምነው። በዚህኛው ጊዜ በአምስተኛው ቀን ማልደን ሄደን ቈጠርን። ቍጥሩ ከአራተኛው ቀን እምብዛም ፈቀቅ አላለም ነበር፤ ዘሮቹ በብዛት የተነሡት በስድስተኛው ቀን ነው። በመጀመሪያው ጽሑፋችን «የባሕር ዛፉ ውኃ አበቃቀሉን በየቀኑ በእኩል ይቀንሰዋል» ብለን ነበር። የሁለተኛው ሥራ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ዘሩን አቆይቶት ኋላ የለቀቀው ይመስላል። በመጀመሪያው ጊዜም እንደዚሁ ሆኖ ነበር ወይ? ይህን ዛሬ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ያቺ እሑድ አልፋለች። እኛ የሞላናት 22 የሸፈነችው ባዶ ቦታን ብቻ አልነበረም፤ ምናልባት ከሥራው ሁሉ የሚበልጠውን ነገር ሸፍናለች። በመጨረሻው ጽሑፋችን ላይ የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ደግመን ስናወጣ በቦታዋ «አልተቈጠረም» ብለን ጻፍን። ከጻፍናቸው ቃላት ሁሉ የምናፍርበትም የምንኰራበትም እሱ ነው።

አራተኛው ጉድለት ያየነውንና ያሰብነውን መደባለቅ ነው። በዚህ ረገድ ከገዛ ቋንቋችንና ከገዛ ትምህርታችን ብዙ ረዳት አለን፤ አልተጠቀምንበትም እንጂ። አማርኛ «ነው» ይላል፤ «ሳይሆን አይቀርም» ይላል፤ «ይመስላል» ይላል፤ «ይሆናል» ይላል፤ «ይባላል» ይላል። አምስቱም በክብደት ይለያያሉ፤ ገበሬውም ነጋዴውም ልዩነቱን ጠንቅቆ ያውቃል። እኛ ግን ብዕር ስናነሣ ሁሉንም «ነው» እናደርገዋለን። የቈጠርነው ከሆነ «ነው» እንበል። ከቈጠርነው የገመትነው ከሆነ «ይመስላል» እንበል። ከመጽሐፍ ያነበብነው ከሆነ የጻፈውን ሰው ስም እንጥራ። መጽሐፉን ራሳችን ሳናነበው ሌላ ሰው ጠቅሶት ያየነው እንደ ሆነም ይህንኑ እንናገር፤ ከሰሚ የሰማ ምስክር አየሁ አይልምና።

የአገራችን የመጻሕፍት መምህራን ደግሞ አንዱን ቃል ሲተረጕሙ በአንድ ፍቺ ብቻ አያበቁም፤ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን፣ «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ይጨምራሉ። የማብራሪያው ክፍል ሊማር የሚገባው ከዚህ ነው። ገብሱ የዘገየው በባሕር ዛፉ ቅጠል ውስጥ ባለ ንጥረ ነገር ይሆናል፤ አንድም ውኃው በሟሙ ነገሮች ስለ ወፈረ ዘሩ ውኃውን መሳብ አቅቶት ይሆናል፤ አንድም ያ ሳሕን ከመስኮት አጠገብ ተቀምጦ የሌሊት ብርድ አግኝቶት ይሆናል። ነገር ግን የሳይንስ ተማሪ ሦስቱን ደርድሮ ሊያርፍ አይገባውም። የትኛው እውነት እንደ ሆነ የሚለየው የትኛው ፈተና እንደ ሆነ ጨምሮ መናገር አለበት፤ ለምሳሌ ሳሕኖቹን ቦታ እያለዋወጡ መድገም። በአንጻሩ በቅኔያችን የምንኰራበትን ሰምና ወርቅ በምርምር ጽሑፍ በር ላይ ትተነው እንግባ። በቅኔ ወርቁን መሸፈን ጥበብ ነው፤ በሳይንስ ግን የተሸፈነ ወርቅ ሁሉ ያው እንደ ሰም ይቈጠራል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። «እንደዚህ በፍርሃት ከተጻፈ ታላቅ ነገር በምን ይነገራል? ደፋር አሳብ አይታፈንም ወይ?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም፤ ዝም ማለትም ጥፋት አለበትና። ኢግናትስ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም በቪየና ታላቅ ሆስፒታል ሲሠራ፣ በአንደኛው የማዋለጃ ክፍል በ1846 ከ4010 ወላዶች 459 መሞታቸውን ተመለከተ። ይህም ከመቶ 11.4 ነው። አዋላጆች በሚማሩበት በሁለተኛው ክፍል ግን ከመቶ 3 እንኳ አይሞላም ነበር። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ሬሳ ከሚመረምሩበት ክፍል በቀጥታ ወደ ወላዶቹ ይመጡ ስለ ነበር በ1847 እጃቸውን በክሎሪን ኖራ ውኃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በ1848 በዚያው ክፍል ከ3556 ወላዶች የሞቱት 45 ብቻ ሆኑ፤ ከመቶ 1.27 ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የጠራ ምስክርነት የት ይገኛል? ዜመልቫይስ ግን ቶሎ አልጻፈውም። ወዳጆቹ አጫጭር ማስታወቂያ አወጡለት እንጂ፣ እሱ መጽሐፉን ያሳተመው በ1861 ነበር፤ ያኔም መጽሐፉ ረጅምና ተቃዋሚዎቹን በብርቱ የሚወቅስ ሆነ። እሱም በ1865 ሥራው በሰፊው ተቀባይነት ሳያገኝ ሞተ። አልሰማ ያሉት ሁሉ ጥፋታቸው የራሳቸው ነው። ይሁን እንጂ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው፣ በ1848 በጥቂት ገጽ ሠንጠረዡ ብቻ በስሙ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ስንት እናቶች ይድኑ ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ስለዚህ እኛ የምንለው ፍሩ አይደለም። ቶሎ ጻፉ፤ ያያችሁትን ያህል ጻፉ ነው። ድፍረት በጥያቄው ይሁን፤ ትሕትና በመልሱ። የዶክተር አክሊሉ ጥያቄ ደፋር ነበር፤ ሪፖርታቸው ግን «የመጀመሪያ» ነበር።

አምስተኛው ጉድለት የረዱንን መዘንጋት ነው። በ1953 ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ የዲ ኤን ኤን ቅርጽ በኔቸር መጽሔት ላይ ሲያወጡ ጽሑፋቸው ከአንድ ገጽ ብዙ አይበልጥም ነበር፤ አንድ ሥዕልም ብቻ ነበረው። ስለ እጥረቱና ስለ ጥራቱ እስከ ዛሬ ይመሰገናል። ነገር ግን በዚያው ጽሑፍ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የተጠቀሰችው በጥቂት ቃል፣ ያልታተመው ሥራዋ በጠቅላላው እንደ ረዳቸው ብቻ ተደርጎ ነው። በሷ ሥር ይማር የነበረው ሬይመንድ ጎስሊንግ ያነሣው ታዋቂው የራጅ ፎቶግራፍ እሷ ሳታውቅ ለዋትሰን ታይቶ እንደ ነበረ በኋላ ታውቋል። ከዚህ የተነሣ ያ ድንቅ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ጥላ አለበት። ጎስሊንግ ያን ጊዜ እንደኛው ተማሪ እንደ ነበረ ልብ ይሏል። እኛም ናሙና ያሳየንን ገበሬ፣ ሌሊት በር የከፈተልንን ዘበኛ፣ ሚዛኑን ያስተካከለልንን የላቦራቶሪ ሠራተኛ በአንድ መሥመር ማመስገን ሊከብደን አይገባም። የእንዶድን ነገር ስናስብ ከሊቁ በፊት ተክሉን የሚያውቁት አጣቢዎቹ ሴቶች እንደ ነበሩ አንርሳ።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። ጽሑፉን በሙሉ በደቂቃ ውስጥ አሳምሮ የሚያወጣ የኮምፒዩተር መሣሪያ በየእጃችን ገብቷል። መሣሪያው ቋንቋን ለማቃናት፣ ያልገባንን ለመጠየቅ ሊረዳ ይችላል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን መሣሪያው ከጅረቱ ዳር አልቆመም፤ የሞተ ቀንድ አውጣም አላየም። ምስክሩ ያልዋለበትን ቦታ ሌላ ሰው አሳምሮ ቢናገርለት ሸንጎ አይቀበለውም። የኛ 22 በአንድ ብዕር የተሞላች አንዲት ባዶ ቦታ ነበረች፤ ዛሬ ግን ሠንጠረዥ ሙሉ ባዶ ቦታ በቅጽበት መሙላት ይቻላል። አደጋው ያው ነው፤ ፍጥነቱ ብቻ ነው የጨመረው።

እንግዲህ ለሚጀምሩ ጓደኞቻችን ከደረሰብን ተነሥተን የምንመክረው ይህን ነው። መጀመሪያ ሠንጠረዡንና ሥዕሉን አዘጋጁ፤ እነሱ ካልቆሙ የሚጻፍ ነገር የለም። ቀጥሎ አሠራሩን ጻፉ፤ ገና ትኩስ ሳለ፣ ከማስታወሻ ደብተራችሁ እየተመለከታችሁ። ሦስተኛ ውጤቱን፣ አራተኛ ማብራሪያውን። መግቢያውን ከዚህ በኋላ ጻፉት፤ ያን ጊዜ ወዴት እንደሚያስገባ ታውቃላችሁ። አጠቃሎውንና አርእስቱን በመጨረሻ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛም ቢሆን፣ ከማስረከባችሁ በፊት ነገሩን በአማርኛ ወይም በቤታችሁ ቋንቋ ሳይንስ ላልተማረ ዘመድ አስረዱ። እሱ «ታዲያ በምን አወቃችሁ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ጥያቄ ከመምህሩ ጥያቄ የማይተናነስ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል አለማወቃችንን ብዙ ጊዜ ይሸፍንልናል፤ የእናት ቋንቋ ግን አይሸፍንም። ከዚያም ጽሑፉን ለሁለት ቀን አስቀምጣችሁ እንደ እንግዳ ሰው አንብቡት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና።

ትችታችንን በተማሪው ላይ ብቻ ጥለን ብንሄድ ግን ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ተማሪው ባዶ ቦታውን የሚሞላው ባዶ ቦታ ነጥብ እንደሚያስቀንስ ስለሚያምን ነው። ሠላሳ ገጽ የጻፈው ከስምንት ገጹ የተሻለ ምልክት ሲያገኝ አይቷል። ሙከራው ያልተሳካለት ጓደኛው ዝቅ ሲልም አይቷል። ከዚህ በኋላ እውነት ተናገር ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ የተከበሩ መምህራኖቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ «አልተቈጠረም» እና «አልተሳካም» ለሚሉት ቃላት በግልጽ ዋጋ ይስጡልን። የገጽ ቍጥር ዝቅተኛውን ሳይሆን ከፍተኛውን ይወስኑልን። ይህም መጽሔት ያልተሳኩ ሙከራዎች የሚወጡበት ጥቂት ገጽ ቢከፍት፣ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ እኛ በወደቅንበት ጉድጓድ ዳግመኛ አይወድቅም ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በሳይንስ ግን እያደር የሚጠራው በመጀመሪያው ቀን በትክክል የተጻፈ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ያልተጻፈች እሑድ ብትውል ብታድር አትጠራም። የኛን ሠንጠረዥ ዛሬ የሚያይ ሰው በአምስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ጐዶሎ ቦታ ያገኛል፤ ስለ ሌሎቹ ሰባት ቀኖች ሊያምነን ቢፈቅድ የሚያምነን ስለዚያች ጐዶሎ ነው።